የሠርጉን ካርድ ማን ይጻፈው

«የልጇን መርዶ በገዛ እጇ የጻፈች ሴት የሠርጉንም ካርድ እሷው ትጻፈው? ኧረ ገዱም አያምር!»

ይህን ያለችው የእትዬ ፊደል የባሏ እህት ናት። ያለችው በረንዳ ላይ ሆና ለወንድሟ ነው፤ የሰማችው ግን ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ታጥብ የነበረችው ራሷ እትዬ ፊደል ናት። የዚያ ቤት የወጥ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደ በረንዳው ስለሆነ፣ በረንዳ ላይ የተወራ ነገር ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ እንደተወራ ይቆጠራል። የባሏ እህት ይህን ታውቃለች፤ ራሷም በዚያው መስኮት ስንት ወሬ ለቅማለች። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እትዬ ፊደል ቧንቧውን ዘጋችና ባሏ የሚመልሰውን ጠበቀች። ባሏ አሳለ። የአበባ ማስቀመጫውን በእግሩ ገፋ ሲያደርግ ተሰማ። እህትየው ቀጠለች፦ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ስታለቅስ አይተሃት ታውቃለህ?» አሁንስ አንድ ነገር ይላል ብላ እትዬ ፊደል ጠበቀች። «እስቲ ይታሰብበታል» አለ ባሏ። ቧንቧውን ከፈተችና ታጥቦ ያለቀውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

እትዬ ፊደል እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ማተሚያ ቤት ስትጽፍ ዕድሜዋ ስላለቀ ሰፈሩ የሰጣት ነው። በዚያ አካባቢ የተዳረ፣ የተመረቀ፣ ሱቅ የከፈተ፣ የሞተ ሁሉ በእሷ ጣቶች ሥር አልፏል። ባለፈው ዓመት የገዛ ልጇም አለፈ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ተሠርቶ ያላለቀ ሕንፃ ላይ መስመር ሲዘረጋ ከመወጣጫው ወደቀ። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ ሳለ እናትየው ጠፋች። ሲያፈላልጓት የተገኘችው ማተሚያ ቤት፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ የልጇን የሐዘን ማስታወቂያ ስትጽፍ ነው። አንድ ጊዜ እሷ በሌለችበት ተተኪዋ የአንድ ሟች ስም አሳስቶ አሳትሞ፣ ቤተሰቡ ሁለተኛ ለቅሶ ሲያለቅስ አይታ ነበር፤ የእኔ ልጅ ስም አይበላሽም ብላ ነው የሄደችው። ይህንን ግን ማንም አልጠየቃትም። ሰው ያየው እንባ ያልወረደበትን ፊት ነው፤ ፍርዱንም እዚያው ሰጠ። ድንጋይ ናት ተባለ። እውነቱን ለመናገር እሷም ራሷን ጠርጥራለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም አይሰማትም። ሌሊቱን ሙሉ እንደተኙበት ክንድ ሆናለች፤ አለ፣ ይንቀሳቀሳል፣ ግን የራሷ አይመስላትም።

አሁን ደግሞ ሴቷ ልጇ ልታገባ ነው። ሠርጉ በወንድሟ ሞት ምክንያት አንድ ጊዜ ተላልፏል፤ ሁለተኛ ማስተላለፍ አይቻልም፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል፣ የሙሽራው ወገኖችም ትዕግሥታቸው አልቋል። የቀረው ካርዱ ነው። ከሁሉም ቀላል ይሆናል የተባለው እሱ ነበር፤ ቤቱን ለሁለት የከፈለው ግን እሱው ሆነ። ሙሽሪት ትናንት ማታ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ወንድሜ የሌለበት ካርድ አልፈልግም። ያለዚያ ካርድ የሚባል ነገር ይቅር፣ ሰዉን በስልክ እጠራለሁ» አለችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ገባች። የባሏ እህት ደግሞ የሟች ስም በሠርግ ካርድ ላይ ከወጣ የሙሽራው ቤት ሰዎች ምን ይላሉ፣ ሰው በደስታ ተጠርቶ እያለቀሰ ሊመጣ ነው ወይ ትላለች። የሙሽሪት አባት ዕድሜውን ሙሉ ረጅም መንገድ የነዳ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት የቻለ ሰውዬ በዚህ ነገር ላይ መሪውን ለእህቱ ለቆላታል። እትዬ ፊደልን ግን ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም። እሷ ጸሐፊ ናት፤ ይወሰንና ይሰጣታል፣ ትጽፋለች።

የባሏ እህት ከበረንዳ ስትገባ ፊቷ ፈክቶ ነበር። «ኧረ አንቺ፣ ብርጭቆውን በእጥበት ልታሳሺው ነው እንዴ!» አለችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ ቆረሰች። ስለ ዳቦው መወደድ አወራች፤ ስለ ጫማ ሰፊው አወራች፤ ቀጥሎ ስለ ወገቧ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና በዳቦው ሳህን ሥር አስቀመጠችው። «ሌላ ማተሚያ ቤት እንውሰደው ብዬ ነበር፣ አንቺ እንዳትደክሚ ብዬ እኮ ነው። ግን ወረቀቱን አስቀድመሽ አዘሽዋል አሉ። ይሁን። ጽሑፉን ከአጎታችን ልጅ ካርድ ላይ ገልብጨዋለሁ። ልክ እንዳለ ጻፊው። ስሙን... የእሱን ስም አላስገባሁትም። ሆድ ይፍጀው ነው ይሄ። ለልጅቷም ብዬ ነው።» እትዬ ፊደል ወረቀቱን ከሳህኑ ሥር ስባ አየችው። «በታላቅ ደስታና ሐሴት» ይላል፤ ከዚያ «በዚህ የተቀደሰ ዕለት በክብር ተገኝተው» ይላል፤ ከዚያ የአባት፣ የእናት፣ የአክስት፣ የአጎት ስም ይደረደራል። ባሏን ቀና ብላ አየችው። ባሏ ሻይውን ያማስላል፤ ስኳር አልጨመረበትም። «እሺ» አለች። ያ ቤት ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቆመው በዚች ቃል ነው።

ደረጃው ላይ የታችኛዋ ጎረቤት አገኘቻትና «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ ለለቅሶ እንደመጣ ሰው። እትዬ ፊደል አመስግና አለፈች። ሰውም ተቸግሯል፤ እሷን ሲያይ ፊቱን የቱ ጋ እንደሚያደርገው አያውቅም። መንገዱን እስክትሻገር ሲሳሳቁ የቆዩ ሰዎች እሷ ስትደርስ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ዝናብ እንደ እሷ የተነገረው ሰው በዚያ ከተማ ያለ አይመስልም።

ማተሚያ ቤቷ ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛው ክፍል መደርደሪያ፣ የእሷ ኮምፒውተርና የባለቤቱ ጠረጴዛ ያለበት ነው፤ የኋለኛው የማሽኑ ነው። የቀለሙ ሽታ ከልብስ አልፎ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱን ጋሼ ቆጥብ ይሏቸዋል፤ በአንድ ወገኑ የተጻፈበት ወረቀት ሳይገለበጥ የሚጣል ከሆነ ሆዳቸውን ያማቸዋል። የእሳቸው ሕግ አጭር ናት፦ ከባዶ ገጽ አይጀመርም። የሠርግ ካርድ የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ካለፉት ሥራዎች አንዱ ይከፈታል፣ ስሙና ቀኑ ይለወጣል፣ አለቀ። የጥሪው ቃል ራሱ በቁጥር ነው የሚሸጠው። ቁጥር አንድ «በታላቅ ደስታ» ነው፤ ቁጥር ሁለት ሃይማኖተኛ ነው፤ ቁጥር ሦስት ግጥም አለበት፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ቁጥር አራትን ማንም መርጦት ስለማያውቅ ምን እንደሚል ተረስቷል። ወርቃማ ፊደል የፈለገ እጥፍ ይከፍላል። የሐዘኑም እንዲሁ ቁጥር አለው፤ እሱ ግን ጥቁር ጠርዝ አለው፣ ለጠርዙ አይከፈልም።

ጠዋቱን ሁለት ወንድማማቾች ይዘዋት ዋሉ። እህታቸውን ሊድሩ ነው፤ አባት የላቸውም፤ ጠሪው ማን ይሁን በሚለው ተጣልተዋል። ታላቁ «ታላቅ እኔ ነኝ» ይላል። ታናሹ «ወጪው የእኔ ነው» ይላል። እትዬ ፊደል «ምን ብዬ ልጻፍ?» ስትል ሁለቱም እኩል ይናገራሉ። ጋሼ ቆጥብ ከጠረጴዛቸው ሆነው «ልጅቷን ራሷን ጠሪ አድርጓት፣ ቦታም እንቆጥባለን» ብለው ሳቁ። ወንድማማቾቹ አልሳቁም። በመጨረሻ ስማቸው ጎን ለጎን እንዲሆን ተስማሙ፤ ከዚያ በቀኝ ማን ይሁን በሚለው ደግሞ ተጣሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ ፊደል ጥርሷን ታሳይ ነበር። ዛሬ እጆቻቸውን ነበር የምታየው። የታናሹ አውራ ጣት ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። አየችው፤ የሚሰማኝ ነገር ካለ ብላ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ስማቸውን ጻፈችላቸው።

ከምሳ በኋላ ባለማሽኑ ብቅ ብሎ ማሽኑ ነፃ መሆኑን፣ የራሷን ካርድ ካመጣች አሁኑኑ ሊያትመው እንደሚችል ነገራት። ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከማሽኑ ጩኸት ጋር ስለኖረ ሲናገር ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ቀስ ይላል። እትዬ ፊደል የባሏን እህት ወረቀት እንደ አንሶላ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። እጇ በልማዱ ሄደ። የቤተሰቡ ስም ሁሉ፣ ያ ረጅም ዝርዝር፣ የአክስቱም የአጎቱም፣ ተጽፎ ያለቀበት አንድ ሥራ አለ። ከፈተችው። የላዩን አጠፋች፣ «በታላቅ ደስታና ሐሴት» ብላ ጻፈችበት፤ ቀኑን ለወጠች፣ የአዳራሹን ስም አስገባች። ከስሞቹ ውስጥ የሴት ልጇን አንስታ ወደ ላይ ከሙሽራው ጎን አስቀመጠችው። ለናሙና አንድ ቅጠል ወረቀት አውጥታ ወደ ኋላ ክፍል ላከችው።

ባለማሽኑ ቅጠሉን ይዞ ሲመለስ ጋሼ ቆጥብ እንዳያዩት ጀርባውን ሰጣቸው። ጎንበስ አለና «እትዬ... ጠርዙ» አላት።

ተቀብላ አየችው። «በታላቅ ደስታና ሐሴት» የሚለው ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር መስመር ታጥሯል። የልጇ የሐዘን ማስታወቂያ ጠርዝ ነው። ከላይ ጀምራ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና አነበበችው። ሌላ ደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርሰው ማተሚያ ቤቱን ያፈርስ ነበር። እሷ ግን ጠርዙ ቀጥ ማለቱን፣ ማዕዘኖቹ በደንብ መገጠማቸውን ነው ያየችው። ይህንን ማየቷን ስታውቅ ነው የፈራችው። ገና የምፈራው ነገር አለኝ እንዴ ብላም ገረማት። «ከእሱ ላይ ነው የጻፍኩት» አለችው ለባለማሽኑ። «የሁላችንም ስም እዚያ ስለነበረ።» ባለማሽኑ ቅጠሉን ከእጇ ወስዶ አራት ቦታ አጠፈውና በሥራ ልብሱ ኪስ ከተተው። ሊሄድ ዞረ፤ አልሄደም።

«ለመሆኑ እርስዎ ምን እንዲል ነው የሚፈልጉት?» አላት።

ይህንን ጥያቄ እሷ ስንት ሺህ ሰው ጠይቃለች። አፏ «ቁጥር አንድ» ሊል ተከፈተና ቀረ። የምትፈልገው ነገር አለ፤ እዚያው ወንበር ላይ ሆና ነው ያወቀችው። የልጁን ስም ብትተወው ሙሽሪት ታዝናለች፣ ብታስገባው ደግሞ ካርዱ መርዶ ይሆናል፤ ይህ የሌሎች ጭንቀት ነው። እሷ የምትፈልገው የወለደቻቸው ሁለቱም እንዲቆጠሩላት ብቻ ነው። አዲስ ገጽ ከፈተች። ነጭ ሆኖ መጣ፤ ሲመጣ ለካ እንዲህ ነጭ ነው። ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያ ጻፈች፤ ስትጽፍ ከማንም አልገለበጠችም።

ጋሼ ቆጥብ ናሙናውን ሲያዩ ያለ የሌለ ቁጣቸው መጣ። «ይሄ ሁሉ ቦታ ባክኖ! ለዚህ ለሦስት መስመር ነው እንዴ ያን የመሰለ ወፍራም ወረቀት ያዘዝሽው?» አሉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ካርዱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። አነበቡ። መነጽራቸውን አወረዱ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ ቀስ ብለው፤ «ከታተመ ታተመ ነው። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው በወርቃማው ይሁን» አሉና ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ስለ ዋጋው አላነሱም።

ማሽኑ መሥራት እንደጀመረ የባሏ እህት ደወለች። ታተመ ወይ አለች። እየታተመ ነው አለቻት። የሰጠሁሽን ልክ እንዳለ ነው አይደል አለች። «ማታ ታዪዋለሽ» አለቻትና ስልኩን ዘጋች። በሕይወቷ ሙሉ የባሏን እህት ስልክ ቀድማ ዘግታ አታውቅም።

ካርዶቹን በካርቶን ተሸክማ ቤት ስትገባ ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። ሙሽሪት መሬት ላይ ተቀምጣ የጫማ ማሠሪያ ትፈታለች፤ የባሏ እህት ትልቁ ሶፋ ላይ ናት፤ ባሏ መስኮቱ አጠገብ በሚወዳት ወንበር ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ተከፍቷል። «እስቲ እንየው!» አለች የባሏ እህት፤ ካርቶኑን እንደ ስጦታ ቀድዳ አንዱን አወጣች። የወርቁ ፊደል መጀመሪያ ደስ አላት። «አይ ያምራል፣ ያምራል» አለችና ጉሮሮዋን ጠርጋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ሁለት ልጆች አሉን። ሴቷን ልንድራት ነው። ኑልን።»

ከዚያ በታች የሙሽሮቹ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ ቀኑና አዳራሹ ነው። ሌላ ምንም የለም። የባሏ እህት ካርዱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ነጭ ነው። ሙሽሪት ተነሥታ ከአክስቷ ትከሻ በላይ አነበበች፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አክስቲቱ። «እኔ የሰጠሁሽ የት ሄደ? ሐሴቱ የት ሄደ? የእኔስ ስም የት አለ? ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ተናገር እንጂ! የሰው ዓይን የለም ወይ? አንድ ሰው ካርዱን ይዞ ሁለተኛው ልጅ የታለ ብሎ ቢጠይቅስ? በሠርግ ቀን ምን ልትሉት ነው?»

ባሏ እጁን ዘረጋ፤ ካርዱን ሰጡት። ክንዱን አርቆ ያዘው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እትዬ ፊደል በሩ አጠገብ እንደቆመች ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። «እስቲ ይታሰብበታል» እንደሚል እርግጠኛ ነበረች፤ ካለ ምን እንደምታደርግም አላሰበችም።

«ይጠይቀን» አለ ባሏ። «እስካሁን አንድም ሰው ጠይቆን አያውቅም እኮ።»

«ዝናብ ነው የሚያወሩልኝ» አለ ደግሞ። «መናኸሪያ ስገባ ሹፌሮቹ ሁሉ ዝም ይላሉ። ስለ እሱ የሚያነሣ ሰው ናፈቀኝ።»

«አንተስ?» አለች እትዬ ፊደል። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ባሏ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ልጁ የሞተ ዕለት እሱ መንገድ ላይ ነበር፤ አውቶቡሱን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ በሰው መኪና ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ያን ጠዋት ልጁ ሲወጣ ያየችው ከዚህ ቤት ሰው እሷ ብቻ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ ስለዚያ ጠዋት አልጠየቃትም፤ ፈርቶ ነው። እሷ ደግሞ ካልተጠየቀች አትናገርም፤ ሥራዋ እንደዚያ አድርጓታል።

«ሲወጣ...» አለ ባሏ። «ያን ቀን ጠዋት ሲወጣ ምን አለሽ?»

«ራቴን እህቴ እንዳትበላብኝ አለኝ» አለች እትዬ ፊደል። «ጫማውን እያሠረ። ይቺ ሆዳም ትናንትም በልታብኛለች፣ ዛሬ ድስቱን ቆልፊልኝ አለኝ።»

ሙሽሪት ድንገት ሳቀች። አፏን በሁለት እጇ አፍና ሳቀች፤ «እውነቱን ነው፣ በልቼበት ነበር» አለች፣ እያለችም ሳቁ ተሰበረና ወደ ለቅሶ ዞረ። እትዬ ፊደል ልጅቷን ልታባብል አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ሁለተኛውን ግን አልቻለችም፤ እዚያው በሩና ካርቶኑ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አመማት፤ እንደዚያ የመሰለ ሕመም አታውቅም፣ መጣ ብላም ደስ አላት። ከዚያ አለቀሰች። የባሏ እህት ካርዱን ረስታ ልትይዛት ተነሣች፤ ባሏ ቀደማትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ለብሶ ነበር?» አላት።

ነገረችው።

«ቁርስ በልቶ ነበር የወጣው?»